ከደሴ ኮምቦልቻ ለመውረድ በፍራንክፈርት መዞር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ከረማችሁ? ጋዜጣችሁ ደሴ ፒያሳ የሚደርሰው ከታተመ ከቀናት በኋላ ስለሆነ መልሴ ቢዘገይ በኔ አትፍረዱ። ሰሞኑን የራሳችን የቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያ ለምን አይኖረንም የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አነበብኩት። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ጸሐፊው «ከዜሮ ተነስተን፣ በራሳችን ልጆች፣ በስድስት ወር» ያሉበት መስመር ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አስተናጋጇ ምን ሆነ ብላ ዞር አለች። እኔ ከዜሮ አልተነሳሁም። ሌሎች ዓመታት የለፉበትን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውን አውርጄ ነው የጫንኩት። እሱም ቢሆን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው። ፕሮግራመር ነኝ አልልም፤ የተበላሸ ነገር ፈልጌ የማገኝ ሰው ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ማታ ማታ በኢንተርኔት እናስጠናለን። አስተማሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ግማሾቹ ደሴ፣ ግማሾቹ ኮምቦልቻ ይኖራሉ፤ የኬሚስትሪዋ መምህርት የምትገባው ከቦሩ ሜዳ ነው። በ2014 እዚህ የሆነውን ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። ከዚያ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ጠፋ። እነዚህ ልጆች የጎደለባቸው የትምህርት ጊዜ ተቆጥሮ አያልቅም።

መጀመሪያ የተጠቀምነው ነፃ የሆነውን አንዱን የውጭ አገልግሎት ነበር። 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። መምህሩ የሂሳቡን ጥያቄ ሊጨርሱ አንድ መስመር ሲቀራቸው ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ እንደገና ሊንክ ላኩ፣ እንደገና ግቡ፣ ግማሹ ልጅ በዚያው ይቀራል። ክፍያውም በዶላር ነው። ያኔ ነው አንዱ ጓደኛችን «ጂትሲ የሚባል አለ፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ራሳችን እንጫነው» ያለው።

ስለ ጂትሲ ትንሽ ልበል፤ «ከዜሮ» ለሚሉት ሰው ይጠቅማልና። ኤሚል ኢቮቭ የሚባል ቡልጋሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ የጀመረው ሥራ ነው። ጂትሲ የሚለውን ስም ያገኘው በ2011 ነው (እዚህ አንቀጽ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ በቡልጋርኛ ሽቦዎች ማለት ነው አሉ። በ2015 አትላሲያን የሚባል ኩባንያ ገዛው፣ በ2018 ደግሞ ኤይት ባይ ኤይት የሚባል ሌላ ኩባንያ ወሰደው። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ሲለዋወጥ ኮዱ ክፍት ሆኖ ቀጠለ። ደግሞ እሱ ራሱ የቆመው በሌላ ትከሻ ላይ ነው። ብሮውዘር ውስጥ ምንም ሳይጫን ድምፅና ምስል የሚያስተላልፈውን ዌብአርቲሲ የተባለውን ቴክኖሎጂ ጉግል ኮዱን ክፍት ያደረገው በ2011 ነው፤ ሙሉ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ግን በጥር 2021 ነው። አሥር ዓመት! ድምፁን የሚያሽገው ኦፐስም በ2012 የወጣ ክፍት ደረጃ ነው። እንግዲህ በስድስት ወር ይህን ሁሉ ከዜሮ የሚሠራ ልጅ ካለ እኔ ሱቄን ዘግቼ ደቀ መዝሙሩ እሆናለሁ።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፍሎልን ፍራንክፈርት ላይ አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሌት ተቀን በርቶ ሁሉም በኢንተርኔት የሚገናኝበትን ኮምፒውተር፣ ተከራየን። መጫኑ ቀላል ነው፤ ጥቂት ትዕዛዝ ትጽፋለህ፣ የድረ ገጹን ስም ትሰጣለህ፣ አለቀ። የመጀመሪያው ማታ ስምንት ሰው ገባ። ምስሉ ጥርት፣ ድምፁ ጥርት። ሻይ ጠጣን፣ ተመሰጋገንን። በሳምንቱ ወሬው ተሰማና 34 ልጅ ገባ። ሁሉም ካሜራውን ከፈተ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? መምህሩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስታክ አደረገ። አንዱ «ይሰማል?» ይላል፣ ሌላው «አይሰማም» ይላል፤ አይሰማም ያለው ሰምቶ ነው ማለት ነው፣ ግን ያንን ለማሰብ ጊዜ አልነበረንም።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ስደምር ነገሩ ገባኝ። 34 ሰው አለ፤ እያንዳንዱ የሌሎቹን 33 ሰዎች ምስል ያያል። 34 ሲባዛ በ33፣ ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ 1,122 የምስል ጅረት ነው የሚልከው። ስምንት ሰው በነበርንበት ማታ ግን 56 ብቻ ነበር። ሰው አራት እጥፍ ሲሆን ሸክሙ ሃያ እጥፍ ሆነ። ዝቅተኛው ጥራት እንኳ ለአንድ ምስል በሴኮንድ 200 ኪሎቢት ይፈልጋል ብንል፣ 224 ሜጋቢት ገደማ ይመጣል። የተከራየነው መስመር መቶ ነበር። ያ የሰርቨሩ ጉድ ነው። የልጁን ስልክ ደግሞ አስቡት፤ 33 ምስል ሲወርድበት በሰዓት ሦስት ጊጋባይት ይበላል። ሳላይሽ ሰፈር ያለ ልጅ እናቱ የሞላችለትን ፓኬጅ በአንድ ማታ ጨርሶ ጠዋት ሲያለቅስ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

እዚህ ላይ ሰርቨሩ ምን እንደሚሠራ በቡና ላስረዳ፤ ወሎዬ ስለሆንኩ ሌላ ምሳሌ አይመጣልኝም። ሁሉም ተማሪ ምስሉን አንድ ጊዜ ብቻ ለሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩ እንደ አሳላፊ ነው፤ አይቆላም፣ አይወቅጥም፣ የተቀዳውን ለየሰው ያዞራል። ድሮ የሁሉንም ምስል ተቀብለው፣ ቀላቅለው፣ አንድ ምስል አድርገው የሚመልሱ ሰርቨሮች ነበሩ፤ እነሱ ከመቁላት እስከ ማፍላት ሁሉንም ስለሚሠሩ ከባድ ማሽን ይፈልጋሉ። የጂትሲው ግን ማደል ብቻ ስለሆነ ርካሽ ነው። በተጨማሪ እያንዳንዱ ልጅ ምስሉን በሦስት ጥራት ይልካል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉት። መስመሩ ጠንካራ ለሆነ አቦሉ ይደርሰዋል፣ ኔትወርኩ ለደከመ በረካው። ይህ ብልሃት ባይኖር አንድ ደካማ ስልክ የሁሉንም ምስል ያበላሽ ነበር።

ታዲያ መፍትሔው ትልቅ ሰርቨር መግዛት አልነበረም። ጓደኛዬ እሱን ነበር የሚለው፤ «እጥፍ ይሁን» አለ። እኔ አልተስማማሁም። ነገ 68 ልጅ ከገባ እጥፍ ሰርቨር አይበቃም፣ አራት እጥፍ ነው የሚያስፈልገው። ማስተካከያ ፋይሉን ከፍተን ምስላቸው የሚታየው መጨረሻ የተናገሩት ሁለት ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ አደረግን። ሁሉም ሲገባ ካሜራውና ማይኩ ተዘግቶ ይገባል። 1,122 የነበረው ወደ 68 ወረደ። ልጆቹ መጀመሪያ አኮረፉ፣ መልካቸው መታየት ፈልገው ነበር። የዳታቸው ሂሳብ ሲቀንስ ግን ዝም አሉ። በድምፅ ብቻ ለሚከታተል ልጅ ኦፐስ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ቢወስድ በሰዓት ከ15 ሜጋባይት በታች ነው። የትምህርቱ ሰሌዳ እንደ ፎቶ ከተላከለት ምን ይጎድለዋል? የመምህሩን ከረባት ማየት ነው የቀረበት።

ከዚያ ሌላ ጉድ መጣ። አንዲት ልጅ ከአንድ ተቋም ዋይፋይ ስትገባ ስሟ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም። ሦስት ማታ ፈለግሁት። ለካ የዚያ ቦታ ኔትወርክ ድምፅና ምስል የሚሄድበትን 10000 ቁጥር በር ዘግቶታል (በር የምለው ኔትወርክ ላይ ያለውን ባለ ቁጥር መተላለፊያ ነው)። መድኃኒቱ ተርን የሚባል አማላጅ ሰርቨር ነው፤ ሁሉንም ነገር ተራ ድረ ገጽ በሚጠቀምበት በ443 በር አስመስሎ ያሳልፋል። ይህን ሰነዱ ላይ ጽፈውታል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ጥገና ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው ሰነድ የሚያነበው ከተሸነፈ በኋላ መሆኑን ነው።

ቀረጻውም አስቸገረን። ያመለጣቸው ልጆች በኋላ እንዲያዩት መቅዳት ፈለግን። ጂብሪ የሚባለው መቅጃ አሠራሩ አስቂኝ ነው፤ ራሱ ክሮም ብሮውዘር ከፍቶ እንደ አንድ የማይታይ ተማሪ ክፍል ይገባና የሚያየውን ይቀዳል። አንዱ ጂብሪ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚቀዳው። ፊዚክስና ባዮሎጂ በአንድ ሰዓት ሲሆኑ ሁለት ይፈልጋሉ። ከስብሰባው ሰርቨር ጋር አንድ ማሽን ላይ ብናስቀምጠው ሲፒዩውን፣ የማሽኑን አንጎል ማለት ነው፣ በልቶ ሁሉንም ያንቀራፍፋል። እና ለቀረጻ ብቻ አሮጌ ዴስክቶፕ ሱቄ ጥግ አስቀመጥኩ፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ምን ይደረግ።

አሁን እንግዲህ ብዙ ሰው ሲመጣስ የሚለው ጥያቄ አለ። ኮቪድ በመጋቢት 2012 አገራችን ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቪዲዮ ስብሰባ ሮጠ። ዙም በታኅሣሥ 2019 በቀን አሥር ሚሊዮን የስብሰባ ተሳታፊ ነበረው፤ በመጋቢት 2020 ሁለት መቶ ሚሊዮን ደረሰ (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። እኛ እዚያ አንደርስም፣ አያስፈልገንምም። ግን መርሁ አንድ ነው። ሃያ የተለያዩ ክፍሎች ካሉ በሁለት ሦስት ሰርቨር ማከፋፈል ቀላል ነው፤ ጂኮፎ የተባለው አስተባባሪ ሸክሙ ያነሰበትን መርጦ ክፍሉን ይመድባል። የሚከብደው አንድ ክፍል ውስጥ አምስት መቶ ሰው ሲገባ ነው። ያኔ አንዱን ስብሰባ ሰርቨሮቹ ተካፍለው እርስ በርስ ምስል መቀባበል አለባቸው። መልእክት የሚያቀባብለው ፕሮሶዲ የሚባለው ክፍል ደግሞ በአንድ ኮር ብቻ ነው የሚሠራው (ኮር ማለት ሲፒዩው ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ በሉት)፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ገና እየተዝናና እሱ ይታነቃል። ሲፒዩው ስምንት ኮር ቢኖረው ሰባቱ ተቀምጠው ያዩታል። ለትምህርት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቢግብሉባተን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳ፣ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ሰሌዳውና ለተማሪዎች የሚሆኑ ጥያቄዎቹ አብረውት ይመጣሉ፤ ብዙ ሰርቨር ላይ ለመዘርጋት ስኬልላይት የሚባል አከፋፋይ አለው። የኛ ልጆች ስልክ ላይ ግን ከበደን፤ ጂትሲ ላይ ቆየን።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር አልተስተካከለም ነበር። መዘግየት። መምህሩ ደሴ ናቸው፣ ተማሪው ኮምቦልቻ ነው። በመካከላቸው ሐረጎ ብቻ ነው ያለው፤ በሚኒባስ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት። ድምፃቸው ግን ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ በድንበር ወጥቶ ባሕር ሥር ባለ ኬብል አውሮፓ ይገባል፣ ፍራንክፈርት ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር ጥሩ የሚለው የአንድ መንገድ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሴኮንድ በታች ያለውን ነው። የኛ ከዚያ ያልፍ ነበር። መምህሩ ይጠይቃሉ፣ ዝምታ፣ ያልመለሰ መስሏቸው ይደግማሉ፣ ልጁም በዚያችው ቅጽበት ይመልሳል፣ ሁለቱም ይቆማሉ፣ «እሺ ቀጥል»፣ «አይ እርስዎ ይቀጥሉ»። ወሎዬ ደግሞ በትሕትና ማን ይችለዋል፤ አምስት ደቂቃ «እርስዎ ያስቀድሙ» ሲባባሉ ያልፋል።

በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ተሻገረ። የአክስቴ ልጅ ምንም አላለም፣ እኔ ግን አፈርኩ። አንድ ወዳጃችን አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ላይ ቦታ ሰጠን፤ በብር እንከፍላለን። ኮዱ ያው፣ ማስተካከያው ያው፣ ሰርቨሩ ብቻ ነው የተለወጠው። የመጀመሪያው ማታ የኬሚስትሪዋ መምህርት ስትጠይቅ ልጁ ወዲያው መለሰ። እሷም ደነገጠች። «ምነው ቸኮልክ» አለችው።

ለጸሐፊው ማለት የምፈልገው ይህንን ነው። የቸገረን መተግበሪያ አይደለም። የተሠራ አለ፣ በነፃ አለ፣ ኮዱን አንብቦ ማን ምን እንደሚሰማ ማረጋገጥም ይቻላል። የቸገረን የተሠራውን አቅርቦ የሚያስቀምጥበት ሰርቨርና ሌሊት ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው ነው። ክፍት ኮድ ነፃ ነው ሲባል ሰው ወጪ የለውም ይመስለዋል። አለው። በየጊዜው ማደስ አለበት፣ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ በዚያው ቀን መድፈን አለበት፣ የድረ ገጹ ሰርተፍኬት፣ ብሮውዘሩ የሚያምነው መታወቂያው፣ ጊዜው ሲያልቅ ማደስ አለበት። (አንዴ ረስቼው የፈተና ዋዜማ ማታ ማንም መግባት አልቻለም። ያንን ማታ አላወራውም።) «በስድስት ወር» የሚለው ዕቅድ ውስጥ ግን የሰባተኛውን ወር ደመወዝ የመደበ አላየሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

ሌላም አለ። አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅርና፣ «በአገር ልጆች ከዜሮ የተሠራ» ብሎ የስብሰባ መተግበሪያ ሊሸጥልን መጥቶ ነበር። ከፍቼ አየሁት። ጂትሲ ነው። አርማው ተለውጧል፣ ቀለሙ አረንጓዴ ሆኗል፣ የስሕተት መልእክቱ ላይ ሳይቀር የድሮው ስም ቀርቷል። ፈቃዱ ይህን ማድረግ አይከለክልም፤ አፓቼ ሁለት ነጥብ ዜሮ ነው፣ ወስደህ መሸጥም ትችላለህ። የባለቤትነት ማስታወቂያውን ግን መፋቅ አይፈቅድም። እነሱ ፍቀውታል። እኔን ያናደደኝ ግን መሸጣቸው አይደለም። ከዜሮ ሠራን ሲሉ፣ ያገኙትን ስሕተት ለዋናው ፕሮጀክት አይመልሱም፣ ዋናው ሲታደስም እነሱ በአሮጌው ይቀራሉ፣ የገዛው መሥሪያ ቤትም አብሮ ይቀራል። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ይሄ ነው።

ባይሆን ገንዘቡ ካለ እንዲህ ይደረግ፦ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ጊቢ ውስጥ የየአካባቢው ሰርቨር ይቀመጥ። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለን፤ እዚያ የሚማሩ ልጆች ለመመረቂያ ሥራቸው ሌላ የሆቴል መመዝገቢያ ከሚሠሩ ይህን ሰርቨር ቢያስተዳድሩ፣ ሸክሙን ቢለኩ፣ በደካማ ኔትወርክ ላይ የሚሰነጣጠቀውን ድምፅ ቢያሻሽሉና ለዓለም ቢመልሱ ስማቸው ኮዱ ላይ ለዘላለም ይቀመጣል። ኢቮቭም ሲጀምር ተማሪ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሰርቨሩ ደጃችሁ ላይ ቢሆንም ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ያየሁት ነው፣ እሱ በኮድ አይፈታም።

እኛ በበኩላችን ትንሽ ጀምረናል። የጂትሲ ገጽ ላይ ያሉት ጽሑፎች በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ ግራው እንግሊዝኛ፣ ቀኙ ትርጉም። ልጆቹ ወደ አማርኛ እየመለሱት ነው። ብዙው ቀላል ሆነ። «እጅ አንሳ» ላይ «አንሳ ወይስ አንሺ ወይስ ያንሱ» ብለው ተከራክረው «እጅ ማንሳት» አሉትና አለፉ። ማይክ መዝጊያው ቁልፍ ላይ ግን ቆመናል። አንዱ «ዝም በል» ብሎ ጽፎት ነበር፤ ጋሼ፣ የሂሳቡ መምህራችን፣ ሲገቡ ስክሪኑ «ዝም በል» አላቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ለአፍታ ዝም ብለው ቆይተው «ማን ነው?» አሉ። «ዝም ይበሉ» ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆነ። «ድምፅ ዝጋ» ረጅም ነው፣ ስልክ ላይ ቁልፉ ውስጥ አይገባም። አጭር፣ የማያስቀይም ቃል ያለው አንባቢ ካለ በጋዜጣው በኩል ቢልክልን ሰኞ ማታ ከክፍል በፊት እናስገባዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ
ከደሴ ፒያሳ